ስለ ድንጋይ ንጣፍና ስለ ክረምት ጎርፍ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ ወደ አቃቂ ሜዳ ቁልቁል የተሠራች ከተማ መሆንዋን የማያውቅ የለም። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ በላይኛው ሠፈር የሚዘንበው ሁሉ መሄጃው ወደ ታች ነው፤ ከሚያልፍባቸውም ስፍራዎች አንዱ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። በነሐሴ 2013 ዓመተ ምሕረት በከተማይቱ የወረደው ጎርፍ ሰው እስከ መግደል ደርሶ እንደ ነበረ እናስታውሳለን።

ስለዚህ ነገር ሰማይ ብቻውን አይከሰስ። ቀድሞ ሣርና እርሻ የነበረው መሬት ድርሻውን ይጠጣ ነበርና ወንዝ የሚደርሰው ትርፉ ነበር። ዛሬ ግን ጣራው ቆርቆሮ፥ ግቢው ሲሚንቶ፥ መንገዱ አስፋልት ስለ ሆነ የዘነበው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ቦይ ይሮጣል፤ ቦዩም ብዙ ጊዜ በቆሻሻ የተደፈነ ነው።

በሌላ አገር ያሉ መሐንዲሶች ለዚሁ ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ ይሠራሉ። ይኸውም ከላይ በመጋጠሚያው ውሃ የሚያስገባ ድንጋይ፥ ከበታቹም ደቃቅ የሌለበት ጠጠር በወፍራሙ ይነጠፋል፤ ውሃውም በጠጠሩ መካከል ቆይቶ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰርጋል። ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በየመንደሩ በወጣቶች እጅ የተነጠፈው ጌጠኛ ድንጋይ የዚህን ሥራ እኩሌታ የጨረሰ ነው። የሚያሳዝነው መጋጠሚያው በሲሚንቶ ተደፍኖ ማየት ነው፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ ከአስፋልት በምን ይለያል?

ነገር ግን በከተማይቱ ደቡብ በብዙ ስፍራ ያለው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፥ በበጋም ይሰነጠቃል፤ ውሃም ቶሎ አያሳልፍም። ድንጋዩን በዚህ ላይ እንዲያው ቢነጥፉት መንገዱ ይጎብጣል። ስለዚህ ጠጠሩ መብዛት፥ ከሥሩም ትርፉን ውሃ ወደ ቦይ የሚያወጣ የተበሳሳ ቱቦ መቀበር ይገባዋል። ውሃው ባይሰርግ እንኳ መዘግየቱ ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው። ከባድ መኪና በሚመላለስበት አውራ ጎዳና አስፋልቱ ይቅር አንልም፤ የምንለው ስለ መንደር መንገድ፥ ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ግቢ ነው። ጭቃም መጋጠሚያውን ስለሚደፍነው በየጊዜው መጠረግ አለበት፤ ለመጥረጊያው ባጀት ያልያዘ ሹም ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል።

ለካህናት አባቶቻችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። በከተማችን ዛፍና ሣር ከቀረላቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ምእመናን ጭቃ እንዳይረግጡ ብሎ ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ለማልበስ የሚያስብ ሰበካ ጉባኤ ቢኖር፥ መሄጃውን ብቻ በድንጋይ አንጥፎ ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት ይተወው፤ ከቅጽሩ የሚወጣው ጎርፍ የሚመታው ከአጥሩ በታች ያለችውን የድኻ ቤት ነውና።

ክፍለ ከተማውም በሚመጣው በጋ በለቡ ወይም በጀሞ አንዲት የመንደር መንገድ መርጦ በዚህ ዓይነት ያሠራ፤ በክረምትም ከጎረቤትዋ መንገድ ጋር አስተያይቶ ያየውን ለሕዝብ ይግለጽ። የተሳካ እንደ ሆነ እኛ በዚሁ ገጽ እናትመዋለን፤ ያልተሳካ እንደ ሆነም እንዲሁ።