የልጅዎ ጎልና የልጅዎ ዕድሜ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሲሪንቃን ሲያልፉ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መርሳ ትቀበልዎታለች። የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ለብዙ መንገደኛ መርሳ ማለት ማንጎና ብርቱካን የሚገዛባት ከተማ ናት። ለእኔ ደግሞ የአክስቴ ልጅ የምትኖርባት ናት። የዛሬውን ጽሑፍ ያስጀመረኝም የእሷ ስልክ ነው።

ልጇ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ለትምህርት ቤቱ ቡድን በአጥቂነት ይጫወታል፤ ፈጣን ነው፤ ግራም ቀኝም እግሩ እኩል ይታዘዙለታል። አንድ ቀን ጨዋታ ሲያይ የዋለ ሰው ቤቷ ድረስ መጣ። «አዲስ አበባ ወስጄ ክለብ አስሞክረዋለሁ» አለ። ለዚህም ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ገንዘብና አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት። ወረቀቱ ልጁን አሥራ ሦስት ዓመት የሚያደርግ ነው።

«ወንድምዓለም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው አለኝ። ልጁ ልብሱን ሸክፎ ተቀምጧል። ምን ልበለው?» አለችኝ።

እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏት ነበር? ልጅዎ አዲስ አበባ ላይ በየወሩ እየከፈሉለት የሚሠለጥን ይሁን አቧራ ላይ የሚጫወት፣ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን የእርስዎንም በር ሊያንኳኳ ይችላል።

መጀመሪያ፣ ሕልሙን አንናቅበት። በጥር 2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። በዚያ ዓመት የከተማዋ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወረደ። ልጁ ያኔ ገና ሕፃን ነበር። አባቱ ይዞት ሄዶ ያሳየው ጨዋታ ግን እስከ ዛሬ ከልቡ አልወጣም።

መንገዱ ግን ደረጃ በደረጃ ነው። ከትምህርት ቤትና ከሰፈር ቡድን ወደ ክለብ የታዳጊ ቡድን፣ ከዚያ ከ20 ዓመት በታች፣ ከዚያ ወደ ዋናው ቡድን ይኬዳል። ዋናው ቡድንም ከአንደኛ ሊግ ወደ ከፍተኛ ሊግ፣ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚወጣበት መሰላል አለው። በየደረጃው ብዙዎች ይቀራሉ።

አቡበከር ናስርን ያስታውሱ። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ፣ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በ25 ጎል ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዘዋወረ። እዚያ ግን ጉዳት ከሜዳ አራቀው። እንዲህ ያለ አጥቂ እንኳ የሰውነቱ ነገር ይፈትነዋል። ስለዚህ ልጅዎ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ትምህርቱን አያስጥሉት።

አሁን ወደ ዕድሜው ነገር እንመለስ። ለዚህ ትንሽ ራቅ ብለን ካናዳ እንሂድ። እዚያ ልጆች ከትንሽነታቸው የሚሮጡት በበረዶ ላይ ነው፤ ጨዋታቸው ሆኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሮጀር ባርንስሌይ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ የታዳጊ ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ወር ሲመረምሩ፣ በፈረንጆቹ ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱት በጣም በዝተው አገኟቸው። ምሥጢሩ ቀላል ነው። የዕድሜ ክልሉ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሆነ፣ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደው ልጅ በመጨረሻ ከተወለደው በወራት ይበልጣል፤ ስለዚህ ይረዝማል፣ ይጠነክራል፣ ይመረጣል። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል።

እግር ኳስም በብዙ ቦታ የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይውላል። እንግዲህ በጥር የተወለደ ልጅና በዚያው የፈረንጆች ዓመት በኅዳር የተወለደ ልጅ በአንድ ቡድን ሲሰለፉ፣ በመካከላቸው አሥር ወር ሊኖር ይችላል። የእርስዎ ልጅ የኅዳር ልጅ ሆኖ ዛሬ ካልተመረጠ፣ አይችልም ማለት አይደለም። ጊዜ ይስጡት።

አሥር ወር ይህን ያህል ካበላለጠ፣ በወረቀት የተቀነሰ ሁለት ዓመት ምን እንደሚያደርግ ያስቡት። ልጁ ኳስን በብልሃት ሳይሆን በጉልበት ማሸነፍ ይለምዳል። ሌሎቹ ሲያድጉና ሲደርሱበት በእጁ የቀረ ነገር አይኖርም። በዚያ ላይ እውነተኛውን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቦታ ነጥቋል። ወረቀት ቢዋሽም አጥንት አይዋሽም፦ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። ካፍም ይህንኑ ይሠራበታል።

ስለ ደላላውስ? የፊፋን ሕግ በአጭሩ ይያዙ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ወደ ሌላ ሀገር ክለብ መዘዋወር አይፈቀድለትም። በዚህ ዕድሜ የሚፈረም የሙያ ውልም ከሦስት ዓመት አይበልጥም። ወኪል የሚባለው ሰው ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ልጁን ለማነጋገርም የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ሌላም አለ። ተጫዋች ከሀገር ወደ ሀገር በገንዘብ ሲዘዋወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ትንሹ ክለብ ድርሻውን የሚያገኘው ግን ልጁ በስሙ የተመዘገበ ሲሆን ነው። የልጅዎን የምዝገባ ወረቀት ጠይቀው ኮፒውን ቤት ያስቀምጡ። እውነተኛው ዕድሜ እዚህም ያስፈልጋል፤ የተለወጠ የልደት ቀን የኋላውን ታሪክ ሁሉ ያበላሸዋል።

ስለዚህ ሰው መጥቶ «ልውሰደው» ሲልዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የየትኛው ክለብ ነህ? የክለቡ ደብዳቤ የታለ? ልጄ የት ያድራል፣ የት ይማራል? ለሦስቱ መልስ የሌለው ሰው ገንዘብ ከጠየቀዎ ነገሩ እዚያው ላይ ያብቃ።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ሰውየውን «አይሆንም» ብላ መለሰችው። ልጁ ሁለት ቀን አላናገራትም፤ እራቱንም ገፋ። «አብሽሪ፣ ያልፍለታል» አልኳት፤ እኔም ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕድሉን የዘጋሁበት እኔ ብሆንስ?

ባለፈው ሳምንት ደወለች። በትምህርት ቤቶች ውድድር እየተጫወተ ነው፤ ሁለት ጎል አግብቷል። የልደቱን ወር ጠየቅኳት። ኅዳር ነው። እስከ ዛሬ የሚጫወተው በወራት ከሚበልጡት ጋር ነበር።

«ትክክል ሠርቼ እንደሆን እሱ ራሱ ይነግረኛል፤ ሲያድግ» አለችኝ።