ወረቀት ማጠፍ የሕፃናት ጨዋታ ብቻ ነውን?

«ለመሆኑ ሕፃናት ወረቀት ሲያጥፉ ቆሞ ማየት የሥነ ጥበብ ሰው ሥራ ነውን?» ይህን ጥያቄ ያቀረቡልኝ የተማሩና በባህል ጉዳይ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። እርሳቸው እንደሚሉት፣ ጃፓኖች ኦሪጋሚ የሚሉት፣ ወረቀትን ያለ መቀስና ያለ ሙጫ አጥፎ ቅርጽ የማውጣት ዘዴ ለጃፓን ልጆች መልካም ሊሆን ይችላል። ደብተር የሚያጥረው የወሎ ልጅ ግን ወረቀት እያጠፈ የሚውልበት ምክንያት የለም፤ የባህል ሠራተኛውም ጊዜውን በአምባሰል ዜማና በማሲንቆ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። ይህ ጽሑፍ ለእኚህ ሰው የተሰጠ መልስ ነው። ሆኖም ሂሱ እርሳቸውን ብቻ የሚነካ አለመሆኑን ከወዲሁ ለማስገንዘብ እወዳለሁ፤ ይህን ትምህርት ከነቃፊዎቹ ይበልጥ የሚጎዱት ደጋፊዎቹ ሆነው አግኝቻቸዋለሁና።

በመጀመሪያ «የባዕድ ነው» የሚለውን እንመልከት።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የደረሰ መንገደኛ የእስጢፋኖስን ገዳም ሳይጠይቅ አያልፍም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩት በዚህ ስፍራ ነው። ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ስለዚህ መጽሐፍ የሚናገር ሁሉ ስለ ሥዕሉና ስለ ዕድሜው ይናገራል። ስለ እጥፋቱ የተናገረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ብራና መጽሐፍ የሚሆነው በምንድን ነው? ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ከተቆረጠ በኋላ እያንዳንዱ ቁራጭ ከወገቡ ይታጠፋል፤ የታጠፉት አራት ወይም አምስት ቁራጮች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው ስምንት ወይም ዐሥር ቅጠል ያለው ጥራዝ ይሆናሉ። ጠጉር የነበረበት ገጽ ከጠጉር ገጽ፣ ሥጋ የነበረበት ከሥጋ ገጽ ጋር እንዲተያይ ካልተደረገ መጽሐፉ ሲገለጥ አንዱ ፊት ቢጫ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። መስመሩ በወስፌ የሚሰመረው፣ ብርዑም ቀለም የሚነከረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ በሐይቅ ምድር ፊደል ከመጻፉ አስቀድሞ እጅ ማጠፍን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የሚያልፍ አለ። ሰንሱል የምንለው የሥዕል መጽሐፍ ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ የሚሠራ ነው፤ ሲዘጋ በመዳፍ ይያዛል፣ ሲከፈት ቅዱሳኑ በሰልፍ ይቆማሉ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የተሠራ አንድ የኢትዮጵያ የብራና ሥዕል ደግሞ ዛሬ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ በዎልተርስ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ሲታጠፍ ቀጭን መጽሐፍ ይመስላል፣ ሲዘረጋ ግን እንደ ማራገቢያ ክብ ይሆናል። ተመሳሳይ ሥራ በዝዋይ ሐይቅ በደብረ ጽዮንም ይታወቃል። ይህን ክብ ያጠፈው ባለሙያ አንዱን እጥፋት አንዲት ጣት ያህል ቢያዛንፍ ክቡ አይገጥምለትም ነበር።

ብራና ወረቀት አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ለእርሱ ደግሞ የወሎን ዑለማ እጠቅስለታለሁ። በዐረብኛም ሆነ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በሚያሰፍረው አጀሚ የተጻፉት የእስልምና መጻሕፍት በአብዛኛው የተዘጋጁት ከውጭ በመጣ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም እንደ ብራናው ታጥፎ ይጠረዛል። የመንዙማ አገር የሆነው ወሎ ወረቀት ማጠፍን የተማረው ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ደብተር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ ኑሮ ብንሄድም ያው ነው። ባልቴቷ ያለቀ የደብተር ቅጠል ጠቅልለው፣ ጫፉን አጥፈው፣ አንዲት ፍሬ ሳትንጠባጠብ ቆሎ የሚሰፍሩበትን ጥቅልል ከየትኛው የጃፓን መምህር ተማሩት? ነጠላውስ በሐዘን ጊዜ፣ በቤተ ክርስቲያንና በጌታ ፊት ሲያደገድጉ የተለያየ አስተጣጠፍ ያለው አይደለምን?

ታዲያ ነገሩ የእኛ ከሆነ ለምን ናቅነው? መልሱ የሚያሳፍር ቢሆንም መነገር አለበት። የናቅነው ወረቀቱን ሳይሆን እጁን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ሲያውጁ አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ፋቂው ብቻ አልነበሩም በስድብ የሚጠሩት፤ የሚጽፈውም ሰው ጠንቋይ ይባል ነበር። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1970ዎቹ የእደ ጥበብ ባለሙያው በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጅ፣ ስለ ሠራተኛው ክብር መድረክ ላይ ሲዘመር፣ እኛ ጸሐፌ ተውኔቶችም ስንጽፍለት ኖረናል። ሆኖም ልጁ በሒሳብ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያመጣ የሚደነግጠው ወላጅ፣ እጁ መርፌ መያዝ ሲያቅተው አይደነግጥም። እዚህ ላይ ራሴንም አላድንም፤ ስለ ሸማኔ ተውኔት ጽፌ መወርወሪያ ይዤ የማላውቅ ሰው ነኝ።

ስለ ወረቀት እጥረት ለቀረበው ክርክር ረጅም መልስ አያስፈልገውም። አሮጌ ጋዜጣና ያለቀ ደብተር ይበቃል። ለሳይንስ አይረባም የሚል ካለም፣ ኮርዮ ሚዩራ የተባለው ጃፓናዊ የነደፈው የእጥፋት ስልት እ.ኤ.አ. በ1995 በጠፈር ላይ ተሞክሮ ሰሌዳ መሰብሰቢያና መዘርጊያ መሆኑን አስታውሼው አልፋለሁ።

አሁን ወደ ደጋፊዎቹ ልመለስ፤ ዋናው ቁጣዬ ያለው እዚህ ነውና።

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥራት አስፈላጊ አይደለም፣ የኦሪጋሚ ክፍል ተከፍቷል ተብዬ ሄድሁ። አርባ የሚሆኑ ልጆች በተርታ ተቀምጠዋል። በየፊታቸው ባለቀለም አራት ማዕዘን ወረቀት ተቀምጧል። መምህሩ ከሰሌዳው አጠገብ ሆነው «አንድ!» ሲሉ አርባ እጅ ያጥፋል፤ «ሁለት!» ሲሉ እንዲሁ። ከኋላ የተቀመጡት ስለማይታያቸው ከፊታቸው ያለውን ጀርባ እያዩ ይገምታሉ። በመጨረሻ አርባ ሽመላዎች ተወለዱ፤ ቢያንስ ሃያ አምስቱ ሽመላ ይመስላሉ፤ የቀሩት በመምህሩ እጅ ተቃኑ። ወዲያው ሁሉም በክር ተሰክተው ለእንግዳ አቀባበል ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ሪፖርቱም «አርባ ተማሪዎች ሠልጥነዋል» እንደሚል አልጠራጠርም።

አንዲቱን ልጅ «እስኪ ይህችን ወፍ ፈትተሽ እንደገና አጥፊያት» አልኋት። ልጅቷ መምህሩን አየች። መምህሩም «ትበላሻለች፤ ለእንግዳ ናት» አሉኝ።

ይህ መልስ የዚያን ክፍል ምስጢር በሙሉ ገለጠልኝ። ሲፈታ የሚበላሽ ከሆነ ልጅቷ የተማረችው ምንድን ነው? ትእዛዝ መቀበልን ነው። ማጠፍ ትምህርት የሚሆነው የታጠፈው ሲፈታ ነው። ወረቀቱ ሲዘረጋ በላዩ የቀሩት መስመሮች ይታያሉ፤ የትኛው መስመር ክንፍ፣ የትኛው አንገት እንደሆነ፣ ዘጠና ዲግሪ የነበረው ማዕዘን አርባ አምስት፣ ከዚያም ሃያ ሁለት ተኩል የሆነው በየት በኩል እንደሆነ የሚነበበው ያን ጊዜ ነው። የፈታ ልጅ ስሕተቱን ያገኘዋል፤ ካገኘውም በኋላ መምህሩ ያላሳዩትን ቅርጽ ይፈልጋል። ያልፈታ ልጅ ግን በማግሥቱ ያለ «አንድ፣ ሁለት» ወረቀት አያነሣም። ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። ጀርመናዊው ፍሮይብል እ.ኤ.አ. በ1837 ሕፃናትን የሚያስተምርበትን ቤት ሲከፍት ወረቀት ማጠፍን ከእጅ ሥራዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ መምህራን በቁጥር የታዘዘ ልምምድ አድርገውት ሕይወቱን አወጡበት።

ጃፓኖቹ ራሳቸው የሚያከብሩት አኪራ ዮሺዛዋ (1911–2005 እ.ኤ.አ.) የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ለአዳዲስ ሠራተኞች የጂኦሜትሪን ነገር ለማስረዳት ወረቀት ያጥፍላቸው ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን የነጠብጣብ መስመርና የቀስት ምልክት እ.ኤ.አ. በ1954 በመጽሐፍ ያወጣው እርሱ ነው። ምልክቱን የሠራው ሌላው ሰው በራሱ አንብቦ እንዲያጥፍ ነው። እኛ ግን የሠራተኛውን መሣሪያ ወስደን የአቀባበል ጌጥ አደረግነው።

ስለ አቀማመጥም አንድ ነገር ልበል፤ የመድረክ ሰው በመሆኔ ጉዳዩ ይከነክነኛል። ተዋናይ ወደ ቀኝ ሲሄድ ተመልካቹ ወደ ግራ ሲሄድ ያየዋል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያጥፍ መምህርም እንዲሁ ነው፤ እጁ ለተማሪው የተገለበጠ ነው። ልጁ በትክክል የሚያየው ጎኑ የተቀመጠውን ጓደኛውን ነው። ስፌት የሚማሩ የወሎ ልጃገረዶች ይህን ያውቁታል። ስንደዶና አክርማቸውን ይዘው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ታላቂቱ ከፊታቸው አትቆምም፣ በመካከላቸው ትሰፋለች፤ የተሳሳተችዋ ትተረትረዋለች፣ እየተሳቀባት መልሳ ትሰፋዋለች። በቡድን መማር ማለት ይህ ነው። አርባ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ለየብቻው መታዘዙ የቡድን ትምህርት አይባልም። ብራናውን የሚያሰምረውና መሶቡን የሚሰፋው መሣሪያ አንድ ወስፌ መሆኑንስ ስንቱ መምህር ለተማሪዎቹ ነግሯቸው ያውቃል?

ይህን ሁሉ የምለው ለአንድ ተጨባጭ ምክንያት ነው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አትገባም። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ በእርሱ ላይ ክርክር አልከፍትም። ነገር ግን ከገዳሙ አፋፍ ሥር የምታድግ ልጃገረድ የአገሯን ታላቅ መጽሐፍ አታየውም ማለት ነው። የተሁለደሬ ሙስሊም ልጅም ለዚያ መጽሐፍ ባዕድ ሆኖ ያድጋል፤ ክርስቲያኑ ልጅ ደግሞ ለዑለማው የወረቀት መጽሐፍ። ሦስቱም ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቤት ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። በዚያ ቤት እጃቸው ጥራዝን ካላወቀ ሌላ የት ሊያውቀው ነው?

ስለዚህ ትምህርቱ በሽመላ አይጀመር። የመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ልጅ አራት ቅጠል ወረቀት ከወገቡ አጥፎ አንዱን በሌላው ውስጥ ያግባ፤ ስምንት ቅጠል፣ ዐሥራ ስድስት ገጽ ማግኘቱን ራሱ ይቁጠር፤ በመርፌና በክር ይስፋው። ከዚያ ሰንሱል ይጠፍ፤ በላዩም የሚያውቀውን ይሣል፣ ገበያውን፣ ሐይቁን፣ የአምባሰልን ተራራ። የጃፓኑ ወፍ በሦስተኛው ሳምንት በክብር ይምጣ፤ በመጣም ጊዜ ሦስቴ ይፈታ። ብራና የሚያውቁ ቁም ጸሐፊና ኪታብ የሚጠርዙ ሼህ በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት ተጠርተው ከልጆቹ መካከል ይቀመጡ፤ እንደ መምህርም ይከፈላቸው።

ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ለእንግዳ አቀባበሉ የተሰቀለውን ሰንደቅ፣ ባለቀለም ወረቀትና የታሸገ ውኃ ዋጋ ደምሬ ነበር። ለአንድ ቁም ጸሐፊና ለአንድ ሼህ የሁለት ሳምንት አበል ችሎ ይተርፋል።