📌 «ለዶሮ እኮ ነው» የምትለዋ ቃል ስንት ታስከፍላለች?

ዛሬ ከሰሊጥና ከቡና ወጣ ብለን ስለ ዶሮ በቆሎ እናውራ።

ጎንደር ውስጥ እህል መደብር ገብታችሁ «በቆሎ ለዶሮ ፈልጌ ነበር» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚከፈትላችሁ ከጀርባ ያለው ጆንያ ነው። ዋጋው ከምግብ በቆሎው ዝቅ ይላል። ሸተት ካላችሁና ከጠየቃችሁ መልሱ «ለዶሮ እኮ ነው፣ ምን ትሆናለች!» ነው።

ርካሽ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፍሬው ስለተሰበረ ወይም ስለቀጨጨ የረከሰ ነው። ደረቅና ንጹህ እስከሆነ ድረስ ዶሮ ትበላዋለች፤ ለገዢም ለሻጭም ደህና ንግድ ነው። ሌላው ሳይደርቅ ተሰብስቦ፣ ጆንያ ውስጥ ሞቆ ስለሻገተ የረከሰ ነው። ገበያችን ሁለቱንም «የዶሮ በቆሎ» ብሎ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፣ በዓመት 44 ኪሎ መሆኑ ነው። ግማሹ በቆሎ ቢሆን 22 ኪሎ። አምስት ዶሮ ያላት እናት በዓመት የምትገዛው በቆሎ ከአንድ ኩንታል ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነጋዴው በኩንታል 500 ብር ቀነሰላት እንበል፤ የዓመቱ ትርፏ ያው 550 ብር ነው። በዚህ ብር ቅዳሜ ገበያ ሄዳ የሞተች ዶሮ መተካት ትችላለች ወይ? መልሱን ታውቁታላችሁ።

ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ነው። ዓለም ያወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ቱርኪዎች በተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ካለቁ በኋላ ነው። ጉበት ያጠቃል፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅም ያዳክማል። «ፈንግል ጨረሰብኝ» ከሚባለው ውስጥ መኖው ያዳከማት ዶሮም ትኖርበታለች። ማጠብም ሆነ መቁላት መርዙን አያጠፋውም።

ደጋው ላይ ችግሩ ይብሳል። ዳባትና ደባርቅ የገብስ አገር ናቸው፤ በቆሎው ከቆላና ከጎጃም ተጭኖ ነው የሚመጣው። ስንት እጅ አልፎ፣ መንገድ ሲዘጋ ሸራ ሥር ሰንብቶ ሲደርስ መቼ እንደተሰበሰበ የሚያውቅ የለም።

በቆሎ ብቻውንም መኖ አይደለም። ፕሮቲኑ 9 በመቶ ቢደርስ ነው፤ እንቁላል ጣይ ግን 16 በመቶ ግድም ትፈልጋለች። ስለዚህ ሸካራ ተደርጎ ይፈጭና ከኑግ ፋጉሎ፣ ከተቆላ አኩሪ አተር፣ ከፉርሽካ፣ ከኖራ ድንጋይና ከትንሽ ጨው ጋር ይደባለቃል። ፋጉሎውንም እዩት። አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ በተደረገ ጥናት ለአፍላቶክሲኑ ዋና ምንጭ ሆኖ የተገኘው እሱ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ለነጋዴው፦ እርጥበት 18 በመቶ የሆነ በቆሎ ገዝታችሁ 13 ላይ ስታደርሱት ከኩንታሉ 6 ኪሎ ገደማ ይጎድላል። ውሃ በእህል ዋጋ እየገዛችሁ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ናጡት፣ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ አታከማቹት።

ለዩኒየኖች፦ የተሰበረውን ደረቅ በቆሎ ለይታችሁ፣ እርጥበቱን ጆንያው ላይ ጽፋችሁ «የመኖ በቆሎ» ብላችሁ ሽጡ። የሌማት ትሩፋት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዶሮ ወደየግቢው አስገብቷል፤ ገዢው አለ።

ለላኪዎች፦ ኬንያ መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ ያገደችው በዚሁ መርዝ ነው። ነገ የእኛም ተራ እንዳይሆን።

ሰሊጥ ምርት ገበያ መጋዘን ሲገባ ናሙና ይወሰዳል፣ ባዕድ ነገሩ ይለያል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ለውጭ ገዢ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለጎረቤታችን ሻጋታ መመዘን የለብንም። የሻገተው ከገበያ ይውጣ። «ለዶሮ ነው» የተባለው እንቁላል ሆኖ ተመልሶ የሚቀርበው ለልጆቻችን ነው።

መልካም ገበያ!