በአምቡላንስ ውስጥ ስለሚቀመጠው ሰው

አምቡላንስ እየጮኸ ሲያልፍ መንገድ እንለቅለታለን፤ ሕመምተኛው ፈጥኖ ከሆስፒታል እንዲደርስም እንመኛለን። ነገር ግን ከሕመምተኛው ራስጌ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ፣ ምንስ እንደ ተማረ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ተረኛ ሳለን፣ ጭኑን ቆርቆሮ የቈረጠው የግንባታ ሠራተኛ በአምቡላንስ መጣ። ሹፌሩ ብቻውን ነበረ፤ ነድቶ ያደረሰውም ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ቍስሉን የሚጫን እጅ ስላልነበረ ደሙ በመንገድ ላይ ፈስሶ አልቆ ነበርና የተቀበልነው ሬሳውን ነው። ሹፌሩን አልወቀስነውም፤ የተማረው መንዳትን ነው፤ መሪ ይዞ ቍስል መጫን ደግሞ አይቻልም። እኛን እስከ ዛሬ የሚያስቈጨን፣ ሰውዬውን ለማትረፍ ምናልባት ንጹሕ ጨርቅ፣ ሁለት እጅና ጥቂት ዕውቀት ይበቃ የነበረ መሆኑ ነው።

«ዋናው መኪናው ነው፤ ሕክምናው የሚደረገው በሆስፒታል ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ልቡ የቆመ ሰው አንጐሉ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጐዳት ይጀምራል፤ ሆስፒታል ደግሞ ይህን ያህል ቅርብ የሆነለት ሰው ጥቂት ነው።

ችግሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ሕመምተኛን የሚያመላልሱት ፖሊሶች ነበሩ፤ በሌሎችም ከተሞች ይህን ሥራ የሚሠሩት ሬሳ የሚያነሡ መኪኖች ነበሩ። ከአፍ ወደ አፍ ትንፋሽ የመስጠትን ጥቅም በምርምር ካስረዱት አንዱ የሆነው ሐኪም ፒተር ሳፋር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ሴት ልጁን በአስም አጣ። በ1967 ዓ.ም. ፍሪደም ሀውስ የሚባለው የአምቡላንስ አገልግሎት ሲጀመር ሥልጠናውን ያዘጋጀ እርሱ ነው። ሠልጣኞቹ ሂል ዲስትሪክት ከሚባለው ሠፈር የተመለመሉ ጥቍር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሥራ ያጡ፣ አንዳንዶቹም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልፈጸሙ ናቸው። 300 ሰዓት ያህል ተማሩ፤ የሰውነትን አሠራር አጠኑ፤ በሆስፒታልም ገብተው በሐኪም ፊት የአየር መንገድ መክፈትን ተለማመዱ። በኋላ የመራቻቸው ሐኪም ናንሲ ካሮላይን ለሙያው የመማሪያ መጽሐፍ ጻፈች። ከተማው በ1975 ዓ.ም. የራሱን አገልግሎት ሲያቋቁም ግን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከሥራው ተገፉ፤ ይህ የከተማው ነውር ነው።

በአገራችንም በዚያው አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ሐኪም እስኪበዛ ሕዝቡ ሳይታከም አይቈይ በማለት የጤና መኰንኖችን ማሠልጠኑ የታወቀ ነው። እኛም የዚያ ሙያ ወራሾች ነን። ኮሌጁ ግን ተማሪዎቹን በጥቂት ሳምንት ትምህርት አልለቀቃቸውም፤ ለዓመታት አስተማራቸው እንጂ።

ስለዚህ የአምቡላንስ ባለሙያ፣ ማለት ፓራሜዲክ፣ ሥልጠናው እንዲያጥር የሚጠይቁትን እንቃወማለን። በአሜሪካ ዛሬ ለዚህ ማዕርግ የሚሰጠው ትምህርት ከ1000 ሰዓት ይበልጣል። ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን በጥቂት ቀን ይለመዳል። የሚከብደው ሌሊት፣ በዝናብ፣ ዘመድ በዙሪያው እየጮኸ፣ የትኛው ቍስለኛ እንደሚቀድምና ምን መደረግ እንደሌለበት መለየት ነው፤ ይህም ከአዋቂ ጋር በአምቡላንስ እየዞሩ ካልሆነ በቀር አይገኝም።

እናንተ መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ ውስጥ ነገር የማያስደነግጠው፣ ባዮሎጂም የሚወድ ተማሪ አታጡም። ወላጆቹ «ልጃችን በሽተኛ ተሸካሚ ሊሆን ነውን?» ብለው ቢያዝኑ፣ የሥራውን ምንነት አስረዱልን። እስከዚያው ድረስ ደም የሚፈሰውን ቍስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ጨርቁ ቢርስ ሌላ ደርቡበት እንጂ አታንሡት፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ በ907 ጥሩ። መኪናውም ሲደርስ ሹፌሩ ብቻውን ከሆነ፣ ከእናንተ አንዱ ቍስሉን እንደ ተጫነ አብሮ ይሳፈር።