ሽማግሌ የሚቀመጥለት ወንጀል

ኅብረተሰባችን በደል ለደረሰበት ሕፃን ተባብሮ መቆም አይችልም የሚለው ወቀሳ አይዋጥልኝም። መተባበሩንማ እናውቅበታለን። አንድ ጎልማሳ የጎረቤቱን ልጅ ደፈረ በተባለ ማግስት ሽማግሌ ይመረጣል፤ የደፋሪው ዘመድ አዝማድ ይጠራል፤ የካሳው ብር ይዋጣል፤ “ገመና አደባባይ አይውጣ”፣ “ነገ ማን ያገባታል” እየተባለ እናት ትለመናለች። (ተደፋሪው ወንድ ልጅ ሲሆንማ ጭራሽ አይወራም።) ቅንጅቱ የሚያስቀና ነው፤ የተደገፈው ግን ደፋሪው ነው።

ሽምግልናን በጅምላ አልነቅፍም። የድንበር ጠብና የባልና ሚስት ኩርፊያ ያበርዳል። ሕፃን ስትደፈር ግን የሚታረቀው ማን ከማን ነው? ልጅቷ ከማንም አልተጣላችም።

ሽማግሌ ደግሞ አይቸኩልም፤ ቀጠሮው ከእሁድ እሁድ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ግን ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። “ለሳምንት ያገናኘን” ሲባል ያ ዕድል አብሮ ያልፋል። እስከዚያ ልጅቷ ገላዋን ትታጠባለች፤ የውስጥ ልብሷ በሳሙና ይታሻል፤ ማስረጃው ከእጣቢው ጋር ይደፋል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ዕድሜዋ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀልም አይደለም፤ አባት “ይቅር ብያለሁ” ስላለ መዝገቡ ሊዘጋ አይገባም። የሚዘጋው ምስክር ሲጠፋ ነው፤ ምስክሩን የሚያጠፋው ደግሞ ሠፈሩ ነው።

አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የአንድ ማዕከል አገልግሎት የታሰበው ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም የሥነ ልቦና ባለሙያውም አንድ ቦታ ተገኝተው፣ ልጅቷ የደረሰባትን በየቢሮው እንዳትደጋግም ነው። እዚያ በር ድረስ የሚያደርሳትስ? ታክሲ የሚከፍል፣ ከእናቷ ጋር ወረፋ የሚጠብቅ፣ ታናናሾቿን የሚይዝ ያስፈልጋል። ደፋሪው የቤቱ አስተዳዳሪ ከሆነማ የወር አስቤዛ የሚሸፍንም ጭምር። ብዙ እናቶች ዝም የሚሉት እኮ ልጃቸውን ስለማይወዱ አይደለም፤ እሱ ከታሰረ የቤት ኪራዩን የሚከፍል ስለሌለ ነው።

ዕድሮቻችን ቀብር የቀረን አባል ይቀጣሉ፤ ድንኳኑም ወንበሩም በሰዓቱ ይደርሳል። ታዲያ በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ሁለት አንቀጽ መጨመር ምን ይከብዳቸዋል? ሕፃን በተደፈረበት ጉዳይ ለዕርቅ የተቀመጠ አባል ይሰረዝ፤ የተጎጂዋ ቤተሰብ የትራንስፖርትና የቀለብ ወጪ ከዕድሩ ካዝና ይሸፈን። የዕድር ዳኞች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙት።