ገጽን ለማየት ፕሮግራም ማስኬድ፦ ፖስትስክሪፕት በቀድሞዎቹ የግል ኮምፒውተሮች

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሳይንስ ጥናቶች፣ የሶፍትዌር መመሪያዎችና የመመረቂያ ጽሑፎች በኮምፒውተር መረብ ሲተላለፉ በብዛት የሚጓዙት ፖስትስክሪፕት በተባለው የፋይል ዓይነት ነበር። ፋይሉን ማግኘት ቀላል ቢሆንም በተራ የግል ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከፍቶ ማንበብ ግን አድካሚ ነበር፤ መመልከቻ ፕሮግራሙ አንዱን ገጽ ለማሳየት ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ሚሞሪ አለቀብኝ ብሎ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ አንድ ገጽ መመለስ ይሳነዋል። ይህ ሁሉ ዘወትር የሚሳበበው በማሽኖቹ አቅም ማነስ ነው። የማሽኖቹ ደካማነት እውነት ቢሆንም ዋናው ምክንያት ግን የፋይሉ ዓይነት ሲነደፍ የተደረገው የሥራ ክፍፍል ነው፦ ፖስትስክሪፕት ገጹን የመሥራትን ድካም ከላኪው ላይ አንስቶ በተቀባዩ መሣሪያ ላይ ጫነው፤ ተቀባዩ ውድ ማተሚያ በነበረበት ጊዜ ይህ ብልኃት ነበር፣ ተቀባዩ ተራ አንባቢ ሲሆን ግን ዕዳ ሆነ።

ፖስትስክሪፕትን ያወጣው አዶቢ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያውን በ1982 የመሠረቱት ቀደም ሲል በፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ ናቸው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የማተሚያ ዓይነት የየራሱ የትእዛዝ ቋንቋ ስለነበረው አንድን ሰነድ በሁለት የተለያዩ ማተሚያዎች ማተም ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠይቅ ነበር። የሁለቱ ሰዎች መፍትሔ ገጹን በነጥቦች ስብስብ ከማስተላለፍ ይልቅ ገጹ እንዴት እንደሚሣል የሚናገር ፕሮግራም መላክና ነጥቦቹን የማስላቱን ሥራ ለማተሚያው መተው ነበር። ማተሚያው በኢንች 300 ነጥብ ቢያትምም 2,400 ነጥብ ቢያትም ያው ፋይል ያገለግላል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ፕሮግራሙን በራሱ አቅም ልክ ይተረጉመዋልና።

ፖስትስክሪፕት በዚህ ምክንያት በምልክት የታጀበ ጽሑፍ ሳይሆን ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ተለዋዋጮች፣ ሁኔታዊ ትእዛዞች፣ ድግግሞሽና በፕሮግራሙ ጸሐፊ የሚፈጠሩ አዳዲስ ትእዛዞች አሉት። የሚሠራው በቁልል ነው፤ ቁልል ማለት መጨረሻ የተቀመጠው ነገር መጀመሪያ የሚነሣበት የሚሞሪ ክፍል ሲሆን፣ 3ን ከ4 ጋር ለመደመር ሁለቱ ቁጥሮች በቅድሚያ በቁልሉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዚያም የመደመር ትእዛዙ ሁለቱን አንሥቶ በምትካቸው 7ን ያኖራል። የሥዕሉ አሠራርም በዚሁ መንገድ ነው፦ ኢንች በ72 ተከፍሎ በሚለካ፣ መነሻው በገጹ ግርጌ ግራ ማዕዘን ላይ በሆነ ሠንጠረዥ ላይ ቀጥታና ጥምዝ መስመሮች ይቀጣጠላሉ፣ የተገኘው ቅርጽ በቀለም ይሞላል ወይም ዙሪያው ይሠመራል፣ በመጨረሻም ገጹ እንዲወጣ ትእዛዝ ይሰጣል። ፊደላትም ሳይቀሩ የሚሣሉት በጥምዝ መስመሮች ስሌት ነው። ስለዚህ የፖስትስክሪፕት ፋይልን ማሳየት ማለት ፕሮግራሙን ማስኬድ ማለት ነው፤ ሳያስኬዱ በገጹ ላይ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት ማወቂያ መንገድ የለም።

ይህ ንድፍ የተሠራው ለማን እንደነበር በ1985 መጀመሪያ አፕል ካስተዋወቀው ሌዘርራይተር ከተባለው ማተሚያ በግልጽ ይታያል። ማተሚያው በ12 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰርና 1.5 ሜጋባይት ሚሞሪ የነበረው ሲሆን ዋጋው 6,995 ዶላር ነበር፤ ሥራ የሚልክለት የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ግን የዚያው ዓይነት ፕሮሰሰር በ8 ሜጋኸርትዝ ገደማ የሚሠራና ከ512 ኪሎባይት ያልበለጠ ሚሞሪ ያለው ነበር። በሌላ አነጋገር ማተሚያው ካዛዡ ኮምፒውተር ይበልጥ ብርቱ ነበር። የሚሞሪው ብዛት የቅንጦት አልነበረም፤ አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲሣል ወደ 2,480 በ3,508 ነጥቦች ይሆናል፣ ለአንድ ነጥብ አንድ ቢት ብቻ ቢመደብ እንኳ ከ1 ሜጋባይት በላይ ይፈልጋል። አንድን ማተሚያ ብዙ ሰዎች በጋራ ስለሚጠቀሙበት ወጪው ተከፋፍሎ ይቀላል፤ የንድፉ ጥበብ ያረፈውም በዚህ ስሌት ላይ ነው።

ችግሩ የተፈጠረው ሰነዶቹ ወደ ማተሚያ መላካቸው ቀርቶ ወደ ሰዎች መላክ ሲጀምሩ ነው። ለምሳሌ ፖል ጊንስፓርግ በ1991 በሎስ አላሞስ የጀመረው የፊዚክስ ጥናቶች ማከማቻ የደረሰበት ተመራማሪ ያልታተመ ጥናት በቀናት ውስጥ ያገኝ ነበር፤ የሚያገኘው ግን የፖስትስክሪፕት ፋይል ሊሆን ይችል ነበር። ተመራማሪው ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ማተሚያ ካላገኘ የቀረው አማራጭ የራሱን ኮምፒውተር እንደ ማተሚያ ማሠራት ነበር። ይህን ያስቻለው ኤል. ፒተር ዶይች በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ጎስትስክሪፕት የተባለው አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚ ማለት የፕሮግራም ትእዛዞችን አንድ በአንድ እያነበበ እዚያው የሚፈጽም ሶፍትዌር ሲሆን፣ ጎስትስክሪፕት ውጤቱን ለስክሪንም ሆነ ቋንቋውን ለማያውቅ ርካሽ ማተሚያ ማቅረብ ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ ዶስ በተባለው ስርዓተ ክወና የሚሠራው ተራ ኮምፒውተር ይህን ሸክም ሊሸከም የተሠራ አልነበረም። የዶስ ፕሮግራም በቀጥታ የሚደርስበት ሚሞሪ 640 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከዚሁ ላይ ስርዓተ ክወናው፣ አስተርጓሚው ራሱ፣ ፎንቶቹና የገጹ ሥዕል ተካፍለው ይኖራሉ። አንድ የኤ4 ገጽ ለስክሪን ተብሎ በኢንች 72 ነጥብ ቢሣል እንኳ ወደ 595 በ842 ነጥብ ይሆናል፣ በ256 ቀለማት ሲሆን ደግሞ 500 ኪሎባይት ገደማ ይይዛል፤ ይህ ብቻውን ከተፈቀደው ቦታ አብዛኛውን ይውጣል። በዚያ ላይ የኢንቴል 8086፣ 286 እና 386 ፕሮሰሰሮች የአስርዮሽ ስሌትን በራሳቸው ስለማይሠሩ፣ ለብቻው የሚገዛ የሒሳብ ረዳት ቺፕ ከሌለ እያንዳንዱ ስሌት በሶፍትዌር ተተንትኖ በብዙ እጥፍ ይዘገያል። ስክሪኑም ቢሆን በ640 በ480 ነጥብ የቪጂኤ ደረጃ የገጹን ቁመት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን ብቻ ያሳያል፤ ገጹ በሙሉ እንዲታይ ከተጨመቀ ደግሞ ተራው የጽሑፍ መጠን የማይነበብ ይሆናል።

የጎስትስክሪፕት አዘጋጆች ይህን የተወጡበት መንገድ የችግሩን ምንጭ በሚገባ ያሳያል። ነጥብ የሚገኝበትን ቦታ በሚያሰሉበት ክፍል ሙሉ የአስርዮሽ ስሌትን በመተው፣ ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ የተወሰኑ ቢቶችን ብቻ የሚይዝ የሙሉ ቁጥር ስሌት ተጠቀሙ። ሚሞሪው ሙሉውን ገጽ መያዝ ሲያቅተው ደግሞ የሥዕል ትእዛዞቹን ቀለል ባለ ቅርጽ በሃርድ ዲስክ ላይ በጊዜያዊ ፋይል መዝግበው ገጹን ከላይ ወደ ታች በጠባብ ቁራጮች እየከፋፈሉ ሣሉት፤ ሚሞሪ ሲተርፍ ጊዜና የዲስክ ቦታ ይከፈል ነበር። ከ386 ወዲህ ባሉት ማሽኖች ላይ የዶስን አጥር አልፎ ከ640 ኪሎባይት በላይ ያለውን ሚሞሪ የሚያስጠቅም ማራዘሚያ ሶፍትዌር ታከለ። በትእዛዝ መስመር የሚሠራውን አስተርጓሚ ለተራ ሰው የሚያቀርቡ መስኮቶችም መጡ፤ ለዩኒክስ ቲም ታይሰን ጎስትቪውን፣ ለዊንዶውስና ለኦኤስ/2 ራስል ላንግ ጂኤስቪውን አዘጋጁ። እነዚህ ሁሉ የተዋጣላቸው ሥራዎች ቢሆኑም ያቃለሉት ሸክም በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያም ሊጫን የማይገባው ነበር።

የማሽን ፍጥነት ጨርሶ የማይፈታው ችግር ገጽ መምረጥ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ገጽ 40 ላይ የሚታየው ነገር በገጽ 3 ላይ በተሰጠ ትእዛዝ ሊወሰን ስለሚችል፣ በመርሕ ደረጃ 40ኛውን ገጽ ለማየት ከፊቱ ያሉትን 39 ገጾች ማስኬድ የግድ ይሆናል። አዶቢ ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ የሰነድ አወቃቀር ስምምነት ነበር፤ ይህም በሁለት የመቶኛ ምልክቶች የሚጀምሩ ማስታወሻዎችን በፋይሉ ውስጥ በማስገባት እያንዳንዱ ገጽ የት እንደሚጀምር የሚያመለክትና ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደገፉ የሚያዝ ሥርዓት ነው። አስተርጓሚው ግን ማስታወሻዎቹን እንደ ትእዛዝ አይቆጥራቸውም፤ ፋይሉን ያወጣው ሶፍትዌር ስምምነቱን ካላከበረ መመልከቻው ወደ ፊት ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። የአንባቢው ምቾት የተመሠረተው በላኪው በጎ ፈቃድ ላይ ነበር ማለት ነው።

በፎንቶችም ረገድ ሰነዱ ለአንባቢ ሳይሆን ለአንድ የተወሰነ ማተሚያ የተሰናዳ ሆኖ ይገኝ ነበር። ቴክ በተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የተጻፉ የሳይንስ ጽሑፎች ወደ ፖስትስክሪፕት ሲቀየሩ ፊደላቱ ብዙ ጊዜ በኢንች 300 ነጥብ ተሠርተው ባለቁ የነጥብ ሥዕሎች መልክ ይገቡ ነበር፤ እነዚህ በማተሚያ ላይ አምረው ቢወጡም በስክሪን ላይ ሲቀነሱ የተቆራረጡና የደበዘዙ ይሆናሉ። በአንጻሩ የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ከዚሁ ንድፍ የተለየ ጥቅም አግኝተዋል። አንድ ተራ የፖስትስክሪፕት ፎንት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 256 ምልክቶችን ብቻ ሲሆን፣ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሆሄያት 231 ሆነው 20 ዲቃላ ሆሄያትና 20 አኃዞች ሲታከሉባቸው ከዚህ ወሰን ያልፋሉ፤ ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጆች ፊደሉን ከአንድ በላይ በሆኑ ፎንቶች ይከፋፍሉት ወይም በየራሳቸው ቅደም ተከተል ይደረድሩት ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት የጋራ ኮድ 3.0 እትም እስኪካተት ድረስ አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ኮምፒውተር ማንበብ ይቸግረው በነበረበት ሁኔታ፣ ፎንቱን በውስጡ ይዞ የሚጓዝ የፖስትስክሪፕት ፋይል ገጹን እንደተጻፈ ያሳይ ነበር። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ዓይን የሚያነበውን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ሊፈልገውም ሆነ ሊቀዳው አይችልም፣ ፋይሉ የያዘው የፊደሉን ቅርጽ እንጂ ማንነቱን አይደለምና።

ይህ ትንተና ትክክል መሆኑን ከሁሉ ይበልጥ የሚያረጋግጠው አዶቢ ራሱ የወሰደው እርምጃ ነው። በ1993 አክሮባት ከተባለው ሶፍትዌር ጋር የወጣው ፒዲኤፍ የተባለው የፋይል ዓይነት የፖስትስክሪፕትን የሥዕል ሥርዓት ጠብቆ ድግግሞሹን፣ ሁኔታዊ ትእዛዙንና አዲስ ትእዛዝ የመፍጠሩን ሥልጣን አስወገደ። ዲስቲለር የተባለው ፕሮግራም የፖስትስክሪፕቱን ፋይል በአዘጋጁ ዘንድ አንድ ጊዜ ያስኬደውና የሥዕሉን ውጤት ብቻ በተራ ዝርዝር ያስቀምጠዋል፤ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ያለው ማውጫም እያንዳንዱ ክፍል የሚገኝበትን ቦታ ስለሚናገር መመልከቻው 40ኛውን ገጽ በቀጥታ ያወጣዋል። ማስኬዱ የአዘጋጁ፣ ማየቱ የአንባቢው ሥራ ሆኖ ድካሙ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

የዚህ ክርክር ተቃዋሚ የኮምፒውተሮች ፍጥነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግሩን በራሱ አስወግዶት ነበር፣ ስለዚህ ጥፋቱ የማሽኑ እንጂ የንድፉ አልነበረም ሊል ይችላል። የዘመናችን ማሽኖች የቀድሞውን ገጽ በቅጽበት እንደሚሥሉ አይካድም። ነገር ግን ፍጥነቱ መጠበቅን አስቀረ እንጂ ሰነድን ለማየት የሌላን ሰው ፕሮግራም የማስኬድን ግዴታ አላስቀረም። ማይክሮሶፍት በ2017 የፖስትስክሪፕት ዓይነት የሆኑ ሥዕሎችን በኦፊስ ሰነዶች ውስጥ ማስገባትን በደኅንነት ምክንያት ዘጋ፤ በጎስትስክሪፕትም በ2018 ተከታታይ የደኅንነት ቀዳዳዎች ከተገለጡ በኋላ፣ ፋይሎችን እንዳይነካ የሚያግደው አሠራር ከ2019ኙ 9.50 እትም ጀምሮ ሳይጠየቅ የሚሠራ ሆነ፤ አፕልም በ2022 ቬንቱራ በተባለው ስርዓተ ክወና የራሱ መመልከቻ እነዚህን ፋይሎች መክፈት እንዲያቆም አደረገ። በ640 ኪሎባይት ማሽን ላይ ዝግታ ሆኖ የታየው ጠባይ በጊጋባይት ማሽን ላይ አደጋ ሆኖ ተመልሷል፤ ሁለቱም ከአንድ ንድፍ የመጡ ናቸው።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ፖስትስክሪፕት መጥፎ ቋንቋ ነበር የሚል አይደለም፤ የኅትመትን ሥራ ከእያንዳንዱ ማተሚያ የግል ቋንቋ ነፃ ያወጣ ታላቅ ሥራ ነው። ስሕተቱ ለማተሚያ የተሠራውን ቋንቋ ለንባብና ለማከማቻ ማዋሉ ነበር። ዛሬም በዚህ ዓይነት የተቀመጡ ጥናቶችና መጻሕፍት ያሏቸው ቤተ መጻሕፍትና ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፍቷቸው መሣሪያዎች ከመመናመናቸው በፊት ፋይሎቹን ከውጭ መረብ በተለየ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ አስኬደው ወደ ፒዲኤፍ ሊለውጧቸው፣ ዋናውንም ቅጂ ሳይጥሉ ሊያኖሩት ይገባል። አዲስ ሰነድ የሚያዘጋጅ ተቋምም የፋይሉን ዓይነት ሲመርጥ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ሰነዱ በራሱ ቢሮ እንዴት አምሮ እንደሚወጣ ሳይሆን፣ ደካማ መሣሪያ ያለው አንባቢ ሰነዱን ለማንበብ ምን ያህል እንደሚከፍል ነው።