«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ያለን ማነው?

ይህችን አባባል ማን እንደፈጠራት አላውቅም። ማንን እንደጠቀመች ግን አውቃለሁ! ለመሆኑ ኮረንቲን በሩቁ ብሎ በኩራዝ የሚያመሽ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ባለሙያ ጠርቶ ያስዘረጋል፣ ሲጠፋበትም ይጮኻል እንጂ። ፖለቲካ ላይ ስንደርስ ነው ሁላችንም ጭምት የምንሆነው።

በእናቶቻችን አልፈርድም። የ1969ኙንና የ70ውን ቀይ ሽብር ያየች እናት ልጇን «አርፈህ ተቀመጥ» ብትለው እውነቷን ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም 193 ሲቪሎች መገደላቸውን የአጣሪ ኮሚሽኑ መሪዎች ከአገር ወጥተው ተናግረዋል። ይህን ረስታችሁ ደረታችሁን ለጥይት ስጡ የሚል ጋዜጠኛ ካለ እሱ ራሱ ከፊት ይሰለፍ። እኔ የምለው ሌላ ነው።

ዝምታውስ ምን አተረፈልን? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተሰልፋ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮቿን ለቅንጅት ሰጠች። በሦስተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ 2000ው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ፣ ያችው ከተማ ከ138 ወንበር ከአንዱ በቀር ጠቅላላውን ለኢህአዴግ አስረከበች። ሕዝቡ በሦስት ዓመት ልቡን ገለበጠ እንዴ? የለም! ቅንጅት ተሰነጣጥቋል፣ ትልልቆቹ ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ወጥተዋል፣ መራጩም አኩርፏል። በ2002 ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ አንድ ሳይተርፍ ሁሉንም ጠቀለሉት። ኩርፊያ ኮሮጆ ውስጥ አይገባም፣ አይቆጠርም!

ከ2008 ጀምሮ በኦሮሚያና በአማራ አደባባይ የወጣው ወጣት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩን በየካቲት 2010 ሥልጣን እንዲለቁ እስከማድረስ ደረሰ። ከዚያስ? አጨብጭቦ ቤቱ ገባ።

አንተ የአርሴናልን ተጠባባቂ ሳይቀር በስም የምትጠራ ጎበዝ፣ የወረዳህን ምክር ቤት አባል ታውቀዋለህ? (ወረዳ ያልኩት ያው በድሮ አፋችን ቀበሌ የምንለውን ነው።) እንዴት ብለህ ታውቀዋለህ! የአካባቢ ምርጫ በ2005 ተደርጎ በ2010 ሊደገም ሲገባው ተራዘመ። በ2011ም እንደገና ተራዘመ። የ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ሲመጣም የወረዳና የቀበሌው አብሮ አልተካሄደም። መታወቂያ ስትል የምትጉላላው እኮ እዚያ ነው። የደጅህ ቱቦ ሲደፈን፣ የሰፈርህ መንገድ ሲፈርስ የምትሄደው እዚያ ነው። እኔ በሰፈሬ «እነዚህን ሰዎች መቼ ነው የመረጥናቸው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም። ተቃዋሚ ፓርቲዎቻችንም ቢሆኑ፣ ቅር አይበላቸውና፣ አገር አቀፍ ምርጫ ሲቃረብ ነው ከእንቅልፋቸው የሚባንኑት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። 18 ዓመት ከሞላህ ትመርጣለህ፣ 21 ከሞላህ ትወዳደራለህ። «ወረቀት ነው» ትለኛለህ። አዎ ወረቀት ነው፤ ግን ማን ሞክሮት ያውቃል?

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወረዳችሁ ግቡ። የምክር ቤቱ አባላት መቼ እንደተመረጡና ዘመናቸው መቼ እንደሚያበቃ በማመልከቻ ጠይቁ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሳታሰጡ እንዳትወጡ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ካሏችሁ ማክሰኞ ተመለሱ።